ባሩድና ሙቀት፤ የፖል ቪዬይ ሕይወትና ሥራ

ጥይትን በእጁ የሚሞላ ሰው ሚዛኑን ከማስተካከሉና ቀለሁን ከማዘጋጀቱ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የመረጠው ባሩድ በውርጭ ጊዜ እንዴት ይነድዳል፣ በሐሩር ጊዜስ ጠባዩ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ጥያቄው ለተራው ተመልካች እዚህ ግባ የማይባል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በብርድ ማለዳ አረሩን ረጋ ብሎ የገፋው ባሩድ፣ በዚያው ልክ ተመዝኖ በቀትር ፀሐይ ሲተኮስ የጠመንጃውን መዝጊያ እስኪያስጨንቅ ድረስ ኃይሉ ሊበረታ ይችላል። ከዚህም አልፎ፣ በሞቃት ስፍራ ለዓመታት የተከማቸ ባሩድ ማንም ሳይነካው በገዛ ራሱ ሊቀጣጠል እንደሚችል ታሪክ በከባድ ዋጋ አስተምሯል። ይህን ሁሉ በመለኪያና በቀመር እንድንረዳው ካበቁን ሊቃውንት መካከል ከግንባር ቀደሞቹ የሚቈጠረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፖል ቪዬይ ነው። ስሙ በባሩድ ኬሚስትሪ መጻሕፍት የአንድ ሕግና የአንድ ፈተና መጠሪያ ሆኖ ዘወትር ይነሣል፤ ሕይወቱ ግን እምብዛም ሲተረክ አይሰማም። ለሞያ ባልደረቦቻችን ጠቃሚ መስሎ ስለታየን ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፖል ማሪ ኤዤን ቪዬይ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1854 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። የወጣትነቱ ዘመን አገሩ በጦርነት የተዋረደችበት ዘመን ነበር። ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 ከፕሩሲያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ድል ከመሆኗም በላይ አልዛስንና የሎሬንን ከፊል አጥታለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የአገሩን ክብር ለማስመለስ በትምህርትና በምርምር መበርታት እንደሚገባው ያምን ነበር። ቪዬይም በ1873 ዝነኛ በሆነው በኤኮል ፖሊቴክኒክ ገብቶ ከተማረ በኋላ፣ የመንግሥትን የባሩድና የጨው ጴጥሮስ ሥራ በሚያካሂደው የመሐንዲሶች ክፍል ተመደበ። የሥራ ዕድሜውንም በፓሪስ በሚገኘው ማዕከላዊ የባሩድ ቤተ ሙከራ አሳለፈ፤ በኋላም የዚሁ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ለመሆን በቃ።

የቪዬይን ሥራ ለመመዘን በዘመኑ ባሩድ ምን ይመስል እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ መቶ ዓመታት ጠመንጃን ሁሉ ያጐረሰው ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ከ100 እጅ ወደ 75 እጁ ጨው ጴጥሮስ፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነበር። ይህ ድብልቅ ሲነድድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ በጠጣር መልክ ስለሚቀር፣ ግማሹ ጢስ ሆኖ የተኳሹን ዓይን ይጋርዳል፤ ግማሹም ጥላሸት ሆኖ የጠመንጃውን በርሜል ይደፍናል። ይሁን እንጂ ጥቁር ባሩድ አንድ ታላቅ ምግባር ነበረው፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ እርጅናና ሙቀት እምብዛም አይጐዱትም። ያለ እክል ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተቀምጦ እንደ ትናንት ባሩድ ይነድዳል። አዲሱ ባሩድ ይህን ምግባር ይዞ አልተወለደም። የኋለኛው መከራም የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1846 ክሪስቲያን ሾንባይን የተባለው ኬሚስት በባዝል ከተማ ጥጥን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ፣ ያለ ጢስ የሚነድድ ብርቱ ነገር ማግኘቱን ለዓለም አስታወቀ። የጦር አለቆች ሁሉ በተስፋ ተመለከቱት። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ አገር በፋቨርሻም የነበረው ፋብሪካ ፈነዳ። አውስትሪያውያንም ዘዴውን ለማሻሻል ብዙ ከደከሙ በኋላ መጋዘኖቻቸው በ1862 እና በ1865 ስለ ፈነዱባቸው ሥራውን ለመተው ተገደዱ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ አቤል ጥጡን በደቃቁ አድቅቆ በብዙ ውሃ በማጠብ የተረፈውን አሲድ ማስወገድ እንደሚቻል ስላሳየ አደጋው ቀነሰ። ሆኖም ጥጡ ለጠመንጃ የሚሆን ባሩድ አልሆነም። ምክንያቱም ጭረቱ ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ እሳቱ ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሁሉንም ያነድደዋል። ጋዙም አረሩ ሳይንቀሳቀስ ስለሚበዛ አረሩን በመግፋት ፈንታ ጠመንጃውን ይሰብራል።

ቪዬይ ወደ ቤተ ሙከራው የገባው ችግሩ በዚህ ደረጃ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መለካትን ተማረ። ከስመ ጥሩው ኬሚስት ከማርሴላን ቤርተሎ ጋር በመሆን በ1881 እና በ1882 በጋዞች ውስጥ የሚጓዘውን የፍንዳታ ማዕበል መረመረ፤ የሚነድዱ ነገሮችን ሙቀት በዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ ለመለካትም አብረው ሠሩ። ከኤሚል ሳሮ ጋር ደግሞ ባሩድ በጠንካራ ዝግ ዕቃ ውስጥ ሲነድድ ግፊቱ በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚያድግ የሚመዘግብ መሣሪያ አበጀ። መሣሪያው ግፊቱን የሚለካው በአነስተኛ የመዳብ ዘንግ መጨፍለቅ ሲሆን፣ የዘንጉ እንቅስቃሴ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በብዕር ይጻፋል። ከዚያ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚቻለው ግፊቱ የደረሰበት የመጨረሻ ከፍታ ብቻ ነበር። አሁን ግን የግፊቱ አካሄድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመስመር ተሥሎ ታየ።

ቪዬይ ከነዚህ መስመሮች ያነበበው ምሥጢር ይህ ነው። ቀዳዳ የሌለውና እንደ ቀንድ የጠነከረ ነገር የሚነድደው ከላይ ወደ ውስጥ፣ ንጣፍ በንጣፍ ነው። እንዲህ ከሆነ የባሩዱን ንጣፍ ውፍረት የሚወስን ሰው የቃጠሎውን ጊዜ ይወስናል ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ የናይትሮሴሉሎስ ኃይል ሳይሆን የጭረቱ ቅርጽ እንደ ነበረ ገባው። በ1884 ናይትሮሴሉሎስን በኢተርና በአልኮል አቡክቶ ሊጥ አደረገው፤ ሊጡንም ስስ አድርጎ ዳምጦ በትንንሹ ቈረጠውና አደረቀው። ጭረቱ ጠፍቶ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅጠል ሆነ። በመላው ዓለም ለጦር ጠመንጃ የበቃው የመጀመሪያው ጢስ አልባ ባሩድ ይህ ነው። ባሩዱም ቤ በሚለው የፈረንሳይኛ ፊደል ተጠራ። ፊደሉ በ1886 የጦር ሚኒስትር ለሆነው ለጄኔራል ቡላንዤ መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ፤ ነጭ ለማለት ነው የሚሉም አሉ።

ውጤቱ የጦር መሣሪያን ዓለም ገለባበጠው። የ1886 ሞዴል የሆነው የለቤል ጠመንጃ የተሠራው ለዚህ ባሩድ ነው። ከለቤል በፊት የፈረንሳይ ሠራዊት ይዞት የነበረው የግራ ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን 25 ግራም ያህል የሚመዝን አረር በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ፍጥነት ሲወረውር፣ ለቤል 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የ15 ግራም አረር በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ሰደደው። ቀለሁ እንኳ የተወሰደው ከግራ ነው፤ አንገቱ እንዲጠብ ተደርጎ ለአዲሱ አረር ተዘጋጀ። ይህ ለውጥ ለእኛም አገር ታሪክ ሩቅ አይደለም። ፈረንሳይ ለቤልን ስትይዝ ያረጁት የግራ ጠመንጃዎች ወደ ገበያ ወጡ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ውጅግራ በሚል ስም ታወቁ። ውጅግራ በ1896 በዓድዋ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን በዚያ ቀን በውጅግራ ሲተኩሱ የነበሩት ቪዬይ ሊሽረው በተነሣው በጥቁር ባሩድ ነው ማለት ይቻላል። ለቪዬይ ግን ሽልማቱ በአገሩ አልዘገየም፤ የሳይንስ አካዳሚ በ1889 የ50,000 ፍራንክ የሌኮንት ሽልማት ሰጠው፤ በ1904ም የአካዳሚው አባል አድርጎ መረጠው።

ቪዬይ በ1893 ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ ይዟል። ሕጉ ሲተረጐም፣ የባሩድ ንጣፍ የሚነድድበት ፍጥነት ከግፊቱ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው፤ ፍጥነቱ የሚገኘውም ግፊቱን ወደ አንድ የታወቀ ኃይል ከፍ አድርጎ በአንድ የማባዣ ቍጥር በማባዛት ነው። የባሩዱ መነሻ ሙቀት የሚያሳርፈው ተጽዕኖ የሚገለጠው በዋነኛነት በዚህ በማባዣው ቍጥር ላይ ነው። ባሩዱ ገና ሳይለኮስ ሞቆ ከሆነ፣ የንጣፉን ገጽ እስከሚነድድበት ደረጃ ለማድረስ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይነድዳል። ቶሎ ሲነድድ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ በሕጉ መሠረት አሁንም ይበልጥ ቶሎ ይነድዳል። ትንሽ የነበረው ልዩነት በዚህ መንገድ እየተባዛ ይሄዳል።

ጥይት በእጅ ለሚሞላ ሰው ይህ ሕግ የዕለት ተዕለት ጕዳይ ነው። የጥይት ግፊት በአውሮፓም በአሜሪካም በፋብሪካ ደንብ የሚለካው ጥይቱ በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከቆየ በኋላ ነው። በመሙያ መጻሕፍት የሚገኘውም የባሩድ መጠን በተወሰነ የሙቀት ሁኔታ የተለካ እንጂ ለየትኛውም የአየር ጠባይ ዋስትና የሚሰጥ አይደለም። አንዳንድ ባሩድ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት የአረሩን ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይለውጠዋል። በብርድ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተመዝኖ ወደ መጨረሻው ወሰን የተጠጋ ጥይት በ30 ዲግሪ ሙቀት ሲተኮስ፣ የፍጥነቱ ለውጥ በሰከንድ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱ ይህን ያህል ሲጨምር ግፊቱ ከዚያ በበለጠ መጠን ስለሚያድግ ቀለሁ ከማደሪያው ጋር ይጣበቃል፤ መለኮሻው ካፕሱል ይጨፈለቃል፤ መዝጊያውም በግድ ካልሆነ አይከፈትም። ብዙ ጊዜ በተተኮሰበትና በጋለ ጠመንጃ ውስጥ ጎርሶ የቆየ ጥይትም፣ የውጭው አየር ቀዝቃዛ ቢሆን እንኳ፣ በሐሩር ውስጥ እንደ ዋለ ይቈጠራል።

የብርዱም ወገን ያለ ችግር አይደለም። የቀዘቀዘ ባሩድ አረሩን በዝግታ ስለሚገፋው በሩቅ ዒላማ ላይ አረሩ ከታሰበው በታች ያርፋል። በጣም ሲበርድ አንዳንድ ባሩድ እንደ መስተዋት ተሰባሪ ይሆናል። ቅንጣቱ በመለኮሻው ኃይል ከተሰበረ የሚነድደው ገጽ ስለሚሰፋ፣ በብርድ ይቀንሳል የተባለው ግፊት በተቃራኒው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጨምር ይችላል። የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን አገሮች ጥይታቸውን ከዜሮ በታች ከ54 ዲግሪ እስከ ከዜሮ በላይ 52 ዲግሪ ድረስ የሚፈትኑት ስለዚህ ነው። ቪዬይ ቅርጽን፣ ውፍረትንና ግፊትን አስተባብሮ የሚመለከተውን ስሌት ባያበጅ ኖሮ ከነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ በግምት ብቻ የሚታወቁ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከዚህ ድረስ የተናገርነው ሙቀት በአንዲት የተኩስ ቅጽበት ስለሚያደርገው ነገር ነው። ሙቀት ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሠራው ሌላ ሥራም አለው። ናይትሮሴሉሎስ በባሕርዩ የማይረጋ ነገር ነው። በመጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጥቂት በጥቂት እየበሰበሰ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም መበስበሱን ያፋጥነዋል። የመበስበሱ ፍጥነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ከመበስበሱ የሚወጣው ሙቀት መውጫ ካላገኘ፣ በክምሩ መካከል እየተጠራቀመ ሄዶ ባሩዱ ያለ መለኮሻ ይቀጣጠላል። ቪዬይ ይህን ጠባይ ያውቀው ስለነበር የባሩዱን ጤና ለመመርመር በስሙ የሚጠራውን ፈተና አበጀ። በፈተናው ባሩዱ በ110 ዲግሪ እየሞቀ፣ ሰማያዊው የሊትመስ ወረቀት እስኪቀላ ድረስ ያለው ጊዜ ይቈጠራል። ለማረጋጊያ እንዲሆንም አሚል አልኮል በባሩዱ ውስጥ ይገባ ነበር። ማረጋጊያው ግን በጊዜ ብዛት ኃይሉን የሚያጣ ሆነ።

የጦር መርከቦች ደግሞ ለዚህ ባሩድ ከሁሉ የከፉ ማደሪያዎች ነበሩ። የባሩዱ ክፍል በእንፋሎት ማፍያዎችና በቧንቧዎች አካባቢ ስለሚገኝ ዘወትር ይሞቃል፤ ነፋስም በቀላሉ አያገኘውም። ማርች 12 ቀን 1907 ኢዬና የተባለችው የጦር መርከብ በቱሎን ወደብ ለጥገና በደረቅ ገንዳ ውስጥ ሳለች መጋዘኗ ፈነዳ። መርከቢቱ ከውሃ ወጥታ ስለነበር መጋዘኖቿን በውሃ ለማጥለቅ የሚቻልበት ጊዜ አልተገኘም፤ ወደ 120 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ስለ አደጋው በምክር ቤት በተደረገው ክርክር ምክንያት የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጋስቶን ቶምሰን በ1908 ከሥልጣኑ ለቀቀ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1911 ደግሞ፣ በዚያው በቱሎን ወደብ፣ ሊቤርቴ የተባለችው የጦር መርከብ ሌሊቱ ሲነጋጋ ተቃጥላ ፈነዳች፤ ፍንዳታው የራሷን መርከበኞችና በአካባቢዋ በነበሩት መርከቦች ላይ የነበሩትን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በሁለቱም አደጋዎች ጣት የተቀሰረው ባረጀው ቤ ባሩድ ላይ ነበር። ያረጀ ባሩድ እንደገና ታድሶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀል እንደነበረም በዚያን ጊዜ ለሕዝብ ይፋ ወጣ። ለአገሩ ክብር ያስገኘው ባሩድ አሁን የአገሩን ልጆች በሰላም ጊዜ በገዛ ወደባቸው ገደላቸው። የሠራው ሰውም ገና በሕይወትና በሥራ ላይ ነበር።

መድኃኒቱ በኬሚስትሪ ተገኘ። ዳይፌኒላሚን የተባለው ነገር በትንሽ መጠን፣ ማለት ከ100 እጅ በ1 ወይም በ2 እጅ ብቻ፣ በባሩዱ ውስጥ ሲገባ፣ የሚወጣውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ እየያዘ አሲድ እንዳይሆን ያደርጋል። ጀርመኖች ፈረንሳዮችን በዚህ ረገድ ቀድመዋቸው ነበር። ፈረንሳይም ከአደጋዎቹ በኋላ አሚል አልኮልን ትታ ዳይፌኒላሚንን ያዘች፤ በመርከቦች ላይ የሚገኘው ያረጀ ባሩድ ተነሣ፤ የመጋዘኖቹም ሙቀት በጥብቅ ይመረመር ጀመር። ዳይፌኒላሚን መበስበስን የሚያቆም ሳይሆን የሚያዘገይ ነው። እርሱ ራሱም በሥራው ይጠፋል፤ ካለቀም በኋላ ባሩዱ እንደገና ብቻውን ይቀራል። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው የጠመንጃ ባሩድ አብዛኛው ዳይፌኒላሚን ወይም እርሱን የመሰለ ሌላ ማረጋጊያ የያዘ ነው። በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ፣ በራሱ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ ተብሎ የሚመከረውም ይህ ማረጋጊያ ዕድሜው እንዲረዝም ነው። ዕቃው ሲከፈት የሚከረፋ የአሲድ ሽታ ወይም ቡናማ ጢስ ከታየ፣ ባሩዱ ለምንም አገልግሎት አይውልም።

የቪዬይ ምርምር ግን በባሩድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1899 አንድ ቧንቧ በስስ ሽፋን ለሁለት ከፍሎ፣ ባንደኛው ወገን የታመቀ አየር ሞላበት፤ ሽፋኑንም ሰብሮ በቧንቧው ውስጥ የሚሮጠውን የአየር ማዕበል ፍጥነት ለካ። ይህ በታሪክ የመጀመሪያው የድንገተኛ ማዕበል ቧንቧ ነው። በጊዜው ብዙ ሰው ልብ ባይለውም፣ ከድምፅ በላይ የሚበርሩ አውሮፕላኖችና ሮኬቶች ከመጡ በኋላ ይህ መሣሪያ የታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ዕቃ ሆነ። ቪዬይ ጃንዋሪ 14 ቀን 1934 በፓሪስ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሁሉም ወገን የተተኮሰው የጠመንጃ ጥይት የእርሱ መንገድ ከተከፈተ በኋላ የመጣው የጢስ አልባ ባሩድ ልጅ ነበር።

ከቪዬይ በኋላ የመጡ ኬሚስቶች ባሩድን ለሙቀት ያለውን ስሜት ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። ከነዚህም በ1990ዎቹ ቫርጌት በሚል ስም ከአውስትራሊያ ፋብሪካ የወጣው ባሩድ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለው ባሩድ በብርድና በሙቀት መካከል ፍጥነቱን የሚለውጠው ከተለመደው ባሩድ በጣም ባነሰ መጠን ነው። ይሁን እንጂ ለውጡ ዜሮ የሆነ ባሩድ የለም። አንዱ ባሩድ በአንድ ዓይነት ቀለህና አረር ጭምት ሆኖ ሲገኝ፣ በሌላው ቀለህ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ባሩድ ሲመርጥ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ ጥይቱ የሚተኮሰው በምን ያህል ሙቀት ነው የሚለው ነው። በሐሩር የሚተኮስ ከሆነ መጠኑ ከታች ተነሥቶ በሐሩር መፈተን ይኖርበታል እንጂ በብርድ ተፈትኖ ወደ ሐሩር መወሰድ የለበትም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ባሩዱ እስከሚተኮስ ድረስ የት ተቀምጦ ይቆያል የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስችለውን ስሌት ቪዬይ በሕጉና በመሣሪያው አቀናልን። ሁለተኛውን በፈተናው አንሥቶት ነበር፤ ሙሉ መልሱ የተገኘው ግን ቱሎን ላይ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ፈተናው ቢኖርም በሞቃት መጋዘን የሚኖረውን የባሩድ ዕድሜ ከዓመት ወደ ዓመት የሚከታተል ሥርዓት አልተበጀም ነበር። በቤተ ሙከራ ዛሬ ደኅና ሆኖ የተገኘ ነገር ነገም ደኅና ይሆናል ብሎ መቀበል ለባሩድ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም የኬሚስትሪ ሥራ አደገኛ ነው። ሥራችን ከእጃችን ወጥቶ የሚኖርበትን ሙቀት፣ የሚቆይበትን ዘመንና የሚይዘውን ሰው አስቀድመን ማሰብ፣ ይህን የመሰለ ሞያ የያዝን ሁሉ ግዴታችን ነው።